ግቢ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ ኖሬ፣
ጅማን ከዳር እስከ ዳር በውሃ ልክ ሰፍሬ፣
አንድም ቀን አልጠየቅኩም "ማን ይወጣዋል?" ብዬ፤
ልስኑ ሲደርቅ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ፣
ወደ ቤት ነው፣ መዶሻዬን በትከሻዬ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቀዋል፤
የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳው ያልበዋል።
ከሂርማታ ገበያ በላይ፣ ባለፈው ወር የሠራሁት
መወጣጫ አለ፤ ሁለት ሜትር፤ በእጄ የለሰንኩት፣
እንደ መስተዋት የሚያበራ፤ አይቼ ያልጠገብኩት።

ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ወንበሯን ዘረጋ፤
ጎማዋን እየገፋች መጣች፣ ጭቃውን ሳትሰጋ።
እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እጄ ኪሴን ዳበሰ፤
ሳንቲም ፍለጋ። ጣቴ አምስት ብር ላይ ደረሰ።
እሷ የሜትር ጫፍ ሰጠችኝ፦ "ይህን ይያዙልኝ ለጥቂት።
ኩለኒ እባላለሁ፤ የተደራሽነት
ባለሙያ፣ ከከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት።"
እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን በዚያች ሰዓት ሰማሁ፤
ብሩን ኪሴ ውስጥ ትቼ፣ ሜትሩን ይዤ ቆምሁ።

ቁመቱ ስልሳ ሴንቲ።
"ጋሽ ተማም፣ አንድ ስንዝር ወደ ላይ ካሉ፣ አሥራ ሁለት ወደ ፊት፤
ከዚያ ያጠረው የተጋደመ ግድግዳ ነው፣ መንገድ ያሉት በሐሰት።"
"ሰባት ሜትር ከሃያ? ቦታውስ የት ይበቃል?
ደግሞስ በወንበር የሚሄድ፣ እዚህ ማን መጥቶ ያውቃል?"
አልተከራከረችም።
ጣውላ ክምር ላይ ተሻግራ ተቀመጠች፤
ባዶ ወንበሯን ወደ እኔ ገፍታ "ይሞክሩት" አለች።

ድንጋይ የፈለጠ፣ ብሎኬት የተሸከመ ክንዴ
ግማሽ ላይ ከዳኝ፤ ቁልቁል ተንሸራተትኩ በገዛ መንገዴ።
የቀን ሠራተኞቼ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ጻፈች።
አጮልቄ አነበብኩ፦ "ደረጃውን ያልጠበቀ።"
ሠላሳ ዓመት ደረጃ ሠርቼ፣
ደረጃ እንደሚጎድለኝ ያን ቀን ታወቀ።

በኋላ ነው ከጸሐፊዋ የሰማሁት፦
የሥራ መደቧ ማስታወቂያ የተለጠፈው፣
ሁለተኛ ፎቅ ነበር፣ ሊፍት በሌለው።
ጎረቤቷ አንብቦ ነገራት። የፈተናው ዕለት
ፈታኞቹ ወረቀትና ወንበር ይዘው ወደ ታች ወረዱላት።
"እንግዲህ" አለቻቸው አሉ፣ "ሥራዬን ጀምራችሁልኛል።"
ቅጥሯ ኮንትራት ነው፤ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤
በየደጁ የምትጠግበው ስድብ ከደመወዟ ይበልጣል።
(ከስድቡ ውስጥ የእኔም አለበት።)

አፈረስኩት። ስምንት ቀን እየተራገምኩ፣ ሁለቱን ቀን ዝም ብዬ፤
በእጥፍ አዞርኩት፣ መሐሉ ላይ ማረፊያ አበጅቼ፣ ብረት ተክዬ።
መጣች። ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤
መድረኩ ላይ ሦስት ጣት ትርፍ አገኘች።
"ለእርስዎ ሦስት ጣት ነው፤ ለእኔ ግን በሩ ተዘግቷል።"
መሮዬን አነሳሁ። ምን ይባላል?

ዓርብ ከስግደት መልስ፣ ቆጪ ያለው ቤቴ መጣች፤
የክፍያዬን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ አመጣች።
ቤቴ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለው፤
ለሠርጌ የጠረብኩት፣ የሰፈሩ ሰው የሚያደንቀው።
"ግቢ!" አልኳት ከልቤ፣ በሩን ወለል አድርጌ፤
ቃሉ ከአፌ ወጥቶ እንደ ድንጋይ ወደቀ ከእግሬ ግርጌ።
ግቢ አልኳት፤
ግቢ ቀረች።
ከክፈፉ ጠብታ ሥር፣ ጉልበቷ ላይ ፈርማ ሰጠችኝ።
"ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም" ብላ ፈገግ አለችልኝ፤
ዓይኗ ግን ቆጥሯል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አየሁ።

ስትሄድ፣ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር ቀረ፤
እስከ ደረጃው መጥቶ፣ እዚያው የዞረ።
ሚስቴ በመስኮት፦ "በዚህ ዝናብ ምን ትለካለህ?" አለችኝ።
አርባ አምስት ሴንቲ ነው። በአሥራ ሁለት ሲባዛ፣
አምስት ሜትር ከአርባ።
የአቮካዶው ዛፍ መንገዱ ላይ ነው።